የሚንቀጠቀጠው መደብ

«የሚንቀጠቀጠው ላይ ጣይው።»

አባቷ ይህን ያለው ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ነው። ገና በደንብ አልነጋም። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ቁልቁለት እየወረዱ ነው፤ እሱ ቢላዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ከፊት፣ መቅደላዊት ባዶ ሳፋ ታቅፋ ከኋላ። የገና ጠዋት ብርድ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ እየወጣ ጆሮ ይቆነጥጣል።

«ምኑን ነው የምጥለው?» አለች።

«ዕጣውን ነዋ። የኔን ገመድ። አንዱ መደብ ላይ፣ ከላይ የተቀመጠው ሥጋ ሲንቀጠቀጥ ታዪያለሽ። እሱ ላይ አድርጊው። ሌላ ምንም አታድርጊ።»

መቅደላዊት ቆመች። አባቷ አባይነህ ግን መንገዱን ቀጠለ።

የሰፈሩ ሰው በየበዓሉ በጋራ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ያርዳል። ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ልክ ተከፋፍሎ በየመደቡ ይደረደራል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር። ምልክቶቹ ጣሳ ውስጥ ይገቡና ሲከፋፈል ከአጥር ውጭ የነበረ ልጅ ተጠርቶ፣ ጣሳው ውስጥ ሳያይ እጁን እየሰደደ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። የማን ምልክት የት እንደወደቀ ታይቶ ሰው ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ልጅ አያዳላም ተብሎ ነው። ከብዙ በዓላት ጀምሮ ያ ልጅ መቅደላዊት ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ለዚህ ሥራ ዕድሜዋ እያለፈ ነው፤ ነገር ግን «የመቅዲ እጅ ንጹህ ነው» ስለተባለ የቀየራት የለም።

ሮጣ ደረሰችበት። «አባዬ፣ እንደሚንቀጠቀጥ በምን አወቅህ?»

«አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ» አለ። ከኮቱ ኪስ ትንሽ የላስቲክ ቋጠሮ አውጥቶ አሳያትና መለሰው። ጨው ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ባዮሎጂ ፈተና ነበረባትና እያነበነበች ታጠና ነበር። አባይነህ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ሲሸከም ውሎ ገብቶ፣ እግሩን ሙቅ ውሃና ጨው ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«ስለምንድን ነው?» አላት።

«ስለ ጡንቻ።»

«ስለ ጡንቻ ደግሞ ምን ይነበባል? ያለው ይሸከማል፣ የሌለው ያሸክማል።»

ሳቀችና ልታስረዳው ተነሳች። መምህር እንድርያስ ክፍል ውስጥ እንዳደረጉት ነው ያደረገችው። ጡንቻ አንድ ነገር አይደለም አለችው፤ እንደ ገመድ ነው። ገመድ ሲፈቱት ክር፣ ክሩን ሲፈቱት ቃጫ ይወጣዋል። ጡንቻም በስስ ሽፋን የተጠቀለለ የጥቅል ጥቅል ነው። ጥቅሉ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ክሮች አሉ፤ በየክሩ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቀጭንና ወፍራም ዘንጎች ተሰባጥረው ተቀምጠዋል። ቀጭኑ አክቲን፣ ወፍራሙ ማዮሲን ይባላል።

«እጅህን አምጣ» አለችው። የሱን ሻካራ ጣቶች በራሷ ጣቶች መሐል ትንሽ አስገባች። «ትዕዛዝ በነርቭ ሲመጣ፣ ክሩ ውስጥ ተከማችቶ የነበረ ካልሲየም ይለቀቃል። ያን ጊዜ ወፍራሞቹ ትንንሽ እጅ አላቸው፣ ቀጭኖቹን ይዘው ይስባሉ። ይለቃሉ፣ ደግመው ይይዛሉ፣ ይስባሉ።» ጣቶቿን እስከ ጥጋቸው ወደ ጣቶቹ መሐል አንሸራተተች። «አየህ? የኔም ጣት አላጠረም፣ ያንተም አላጠረም። አንዱ በአንዱ መሐል ስለገባ ነው ሁለቱ እጆች የተቀራረቡት። ጡንቻ ሲኮማተርም እንደዚህ ነው።»

አባይነህ እጆቹን አየ። ዕድሜ ልኩን ሲሸከምባቸው ኖሮ እንዲህ ብሎ ያስረዳው ሰው የለም።

«መግፋትስ?» አለ።

«ጡንቻ መግፋት አይችልም። መሳብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ክንድህን ስትዘረጋ እንኳን ከኋላ ያለው ጡንቻ ስቦልህ ነው።»

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች እኔን በምንድን ነው የሚገፉኝ?»

ቀልድ ነበር፤ ፊቱ ግን አልቀለደም። እሷም ነገሩን ለማስረሳት ብላ የማይገባውን ጨመረች። መምህሩ በስልካቸው ያሳዩዋቸውን ቪዲዮ ነገረችው። የተቆረጠ የእንቁራሪት እግር ላይ ጨው ሲነሰነስ እግሩ ይዘላል። ጨው የጡንቻውን ኤሌክትሪክ ስለሚያዛባው ትዕዛዝ የመጣ ይመስለዋል። «ባለቤቱ መሞቱን ጡንቻው ገና አልሰማም» አለችው፣ መምህሩ እንዳሉት። «ውስጡ ጉልበት እስካለ ድረስ ነው ግን። ጉልበቱ ካለቀ፣ እነዚያ ትንንሽ እጆች እንደያዙ ይቀራሉ። ሬሳ የሚደርቀው ለዚያ ነው። ለመልቀቅም ጉልበት ያስፈልጋላ።»

«ለመልቀቅም?»

«አዎ። ኤቲፒ የሚባል። እሱ ከሌለ መልቀቅ የለም።»

አባይነህ እግሩን ከውሃው አውጥቶ ጠረገ። ሌላ አልጠየቀም። መቅደላዊትም አባቷን አንድ ነገር ስላስተማረች ደስ ብሏት ተኛች። ለምን አተኩሮ እንደሰማት እንግዲህ ዛሬ አወቀችው።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል አንድ ቀን እንኳን የከፋ መደብ ደርሷቸው ያውቃል?» አለ አባይነህ ቁልቁለቱ ላይ፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። «እኔ ቆርጬ፣ እኔ ደርድሬ፣ የኔ ሳፋ ላይ ሁልጊዜ ጅማት። ዕጣ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ዕጣ ይሁን። ዛሬ ግን ዕጣው የኔን ስም ይወቅ።»

ቁጣው ስለ ጅማት እንዳልሆነ ታውቃለች። የእድሩ ዳኛ የሞቱ ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «አባይነህ ቢሆንስ?» ብሎ ነበር። ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ «ለድንኳኑ አባይነህ፣ ለስብሰባው ሌላ ሰው» አሉ። ድንኳን የሚሸከምና የሚተክል እሱ ነውና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው ሲንቅ ሁልጊዜ እየተቆጣ አይደለም፤ እየሳቀ የናቀ የባሰ ነው፣ መልስ አይሰጠውም። አባይነህን ግን እስከ ዛሬ የሚበላው የነሱ ሳቅ አይደለም። ያን ዕለት እሱም አብሯቸው ስቋል።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ግቢ ሲደርሱ በሬው ወድቆ፣ ሰዉ እጁን በጋቢው ውስጥ አድርጎ ከቦት ነበር።

«መጣ ባለ ጡንቻው» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። «እንኳን አደረሰህ። በል ቶሎ በል፣ ከሲኤምሲ ልጆቼ ይመጣሉ፣ ሥጋው ሳይበርድ ነው የሚፈልጉት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ አባይነህ። ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ።

መቅደላዊት እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠች። የክፍል ጓደኛዋ ሀይማኖት፣ የጋሽ ኃይለ መስቀል ልጅ፣ በበሩ ብቅ ጥልቅ ትላለች።

«መቅዲ፣ በብርድ ልትሞቺ ነው እኮ። ግቢ።»

«ዕጣ ጣይ አይገባም።»

«ኧረ ባክሽ፣ አታካብጂ። ለአንድ ሳፋ ሥጋ ነው እንደዚህ የምትሆኚው?»

ለሀይማኖት አንድ ሳፋ ሥጋ ነው። መቅደላዊት ጉልበቷን አቀፈች። ከአጥሩ ወዲያ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል፤ አጥንት ሲሰበር፣ ቆዳ ሲገፈፍ። የአባቷን ትንፋሽ ከሌሎቹ ለይታ ትሰማዋለች። የትኛውን ሥጋ ለመጨረሻ እንደሚያስቀር እያሰበች ነበር። መቼም ሙቀቱ ያልወጣውን፣ ውስጡ ጉልበት ያለውን መሆን አለበት። ከዘገየ ጨውም አይሠራም። ባይሠራ ምናለ ብላ ተመኘች።

«መቅዲ! ነይ፣ ደርሷል።»

ስትገባ መደቦቹ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተደርድረው እንፋሎት ያወጣሉ። ምልክት ተሰበሰበ። ጋሽ ኃይለ መስቀል የእስክሪብቶ ክዳን ጣሳው ውስጥ ጣሉ። እትዬ ሙሉጌጥ ማታ ቤተ ክርስቲያን ያበሩትን የጧፍ ቁራጭ አወጡ፤ ባልቴት ናቸው፣ የድርሻቸው ገንዘብ በዓመት አንዴ ከየቦታው ተጠራቅሞ ነው የሚገኘው። አባይነህ የገመድ ቁራጭ ጨመረ፣ ጫፉ የተቋጠረ፣ ከላምበረት የመጣ የጭነት ገመድ።

ጣሳውን ተቀብላ ሄደች። ብዙ አልፈለገችም። ከበሩ በኩል ሦስተኛው መደብ ላይ፣ ከላይ ቀይ ሥጋ ተቀምጧል፤ አንደኛው ጠርዙ ላይ ስስ ክሮቹ ብድግ ቁጭ ይላሉ። ሽፋኑ ስር የታፈነ ነገር ያለ ይመስላል። ጋሽ ኃይለ መስቀልም አይተውት፣ «ወይፈን መሰለ በሬያችን፣ ገና አልሞተም» ብለው አስቀውበት ነበር። ጨው መሆኑን ማንም አልጠረጠረም። ትኩስ ሥጋ ይንቀጠቀጣል፤ ማን ያንን አያውቅም?

ከሥሩ ያለውን አየች። ሽንጡ ከሌሎቹ መደቦች ይወፍራል፤ ክሩ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ነጭ ነገር የሌለበት። ብዙ ያልሠራ ጡንቻ ነው። ታዲያ የዚህ ትርፍ ከየት መጣ? ዓይኗ መደቦቹን ተከትሎ ሄዶ መጨረሻው ላይ አረፈ። እዚያኛው ላይ ሽንጥ መሆን የነበረበት ቦታ ሌላ ሥጋ አለ። አባቷ ክሩን አግድም ቆርጦታል፤ አግድም የተቆረጠ ጠንካራ ሥጋ ለስላሳ ይመስላል። እሷ ግን በዳሩ የቀረውን ነጭ ሽፋንና ወደ ጅማት የሚሄደውን ጫፍ አየችው። የእግር ሥጋ ነው። ያ በሬ ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትና ዳገት የወጣበት ጡንቻ። ብዙ የሠራ ነውና ማንም አይፈልገውም።

እጇን ጣሳው ውስጥ ከተተች። ገመዱ ወዲያው መጣ፤ ሻካራነቱና ቋጠሮው ከማንም ጋር አይምታታም። የጧፉም ሰም ጣቷ ላይ ለጠፍ አለ።

አባቷን አየችው። ቢላውን በቅጠል እየጠረገ፣ መሬት መሬት ያያል። እሷን እንደማያያት ያስመስላል፤ የአንገቱ ጅማት ግን ተገትሯል።

ገመዱን እዚያ ብትጥለው በቃ፣ ያልቃል። ማንም አያውቅም። አባቷ አንድ ቀን፣ አንድ በዓል፣ ከነሱ በላይ ይበላል። ሌላ ቦታ ብትጥለውስ? እሱም ዕጣ አይደለም፤ እሷ የመረጠችው ነው። መጨረሻው መደብ ላይ ብታደርገው አባቷን መቅጣት ይሆናል፣ እሱን ለመቅጣት ደግሞ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ጣቶቿ አንድ ጊዜ ካወቁ በኋላ ንጹህ የሚባል እጅ የላትም።

«ምነው፣ እጅሽ ተያዘ?» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል።

እጇን ባዶውን አወጣችው።

«እኔ አልጥልም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። «ምልክቶቹን በእጄ እየለየኋቸው ነው። ዕጣ አይሆንም። ሌላ ሰው ይጣል።»

ጋሽ ኃይለ መስቀል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዛሬ ነው መለየት የጀመርሽው ወይስ ድሮም ነበር?»

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲህ በምን እናውቃለን» አሉ፣ ወደ ሰዉ ዞረው፣ እየሳቁ። «ስንት በዓል ሙሉ በዚች እጅ ስንበላ ኖረናል። አባይነህ፣ ልጅህ ጉድ አፈላች እኮ።»

ሰው ሳቀ። ሁሉም አልሳቀም፤ የሳቁት ግን በቂ ነበሩ። መቅደላዊት አባቷ አንድ ነገር እስኪል ጠበቀች። አባይነህ ቢላውን መጥረጉን አላቆመም። ቢላው ከጸዳ ቆይቷል።

«ተዉአት» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ዋሽታ ብትጥል ማን ያውቅባት ነበር? ያችን የተከራዮቹን ሕፃን፣ ጸጋን ጥሯት። ምልክቱን ደግሞ በቅጠል ጠቅልሉት፣ መዳበስም የለ።»

እያንዳንዱ ምልክት በባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠቀለለ። ጸጋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች መጥታ፣ እንደ ጨዋታ፣ ፈንጠር ፈንጠር አድርጋ ጣለችው። ቅጠሎቹ ሲፈቱ የእስክሪብቶው ክዳን ሦስተኛው መደብ ላይ ተገኘ። የጧፉ ቁራጭ መጨረሻው ላይ። ገመዱ መሐል ከዋለ፣ ከማይወፍርም ከማይቀጥንም መደብ ላይ።

«እግዚአብሔር ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ሽንጡን በሁለት ጣት አንስተው እያዩ።

አባይነህ በገዛ ቢላው፣ በገዛ ጨዉ፣ ምርጡን መደብ ለሚጠላው ሰው አሰናድቶ ሰጠ። እትዬ ሙሉጌጥ ጅማቱን ወደ ፌስታላቸው ከተቱና አመሰገኑ። አግድም ተቆርጧል፤ ምን እንደሆነ ቤት ገብተው ሲያኝኩት ነው የሚያውቁት።

ሀይማኖት የአባቷን ድርሻ ልታነሳ መጣች። ያ ሥጋ አሁንም ጫፉ ላይ ትንሽ ይርዳል። ስልኳን አውጥታ ልትቀርጸው ብላ ቆመች፤ በጣቷ ነካ አደረገችና ቀመሰችው። ከዚያ ቀና ብላ መቅደላዊትን አየች። ያን ቪዲዮ አብረው ነው ያዩት፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው።

ጠጋ አለቻት። «መቅዲ፣ አልናገርም። እውነቴን ነው።»

«እንዳሻሽ» አለች መቅደላዊት። ብትናገርባት ይሻል ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚያች ዴስክ ላይ አጠገቧ የምትቀመጠው የምታዝንላት ሰው ናት።

ዳገቱን ሲወጡ ሳፋውን በሁለት ጎን ይዘውታል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰው በነጭ ልብሱ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ ያልፋል፤ አባይነህ በአገጩ ብቻ ይመልሳል።

«አሳቅሽብኝ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ላይ ነው የሳቁት።»

«አንቺ ላይ ሲሳቅ እኔ የት ነኝ?»

«እዚያው ነበርክ» አለች። «ቢላ ስትጠርግ።»

እንዲህ ብላው አታውቅም። እሱም በጥፊ ይላት ነበር ይሆናል፣ እጁ ሳፋውን ባይዝ። አይኑን ከሷ ላይ አንስቶ መንገዱን አየ።

ከፊታቸው እትዬ ሙሉጌጥ ይሄዳሉ። ጥቂት ይራመዱና ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ወገባቸውን ይይዛሉ። መንገዱ ሁለት የሚከፈልበት ጋ ደርሰው በቀኝ በኩል ወደ ቤታቸው ታጠፉ።

መቅደላዊት ቆመች። ሳፋው ስለተጎተተ አባይነህም ቆመ።

«አስቀምጠው» አለች።

«ለምን?»

በሷ በኩል ያለውን ጎን መሬት አሳረፈችው። አጎንብሳ ሽንጡን ፈለገችና ከሥር አወጣችው። በርዶ ነበር። ክሮቹ ጠንክረዋል፤ ከአሁን ወዲህ ጨው ቢነሰንሱበትም ምንም አይልም። በባሕር ዛፍ ቅጠል ጠቀለለችው።

«የኛ ድርሻ ነው» አለ አባይነህ።

«አውቃለሁ። የሳቸውም ድርሻ ሽንጥ ነበረው።»

«እኔ ለሷ ብዬ አልነበረም እኮ። ማን ላይ እንደሚወድቅ መች አወቅሁ? እሷ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።»

«እኔም አውቃለሁ፣ አባዬ።»

የጥቅሉን አንድ ጫፍ ያዘ። ላምበረት ላይ ሳጥን የሚይዝበት አያያዝ ነው፤ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ፣ ክንዱ ላይ ያለው ጡንቻ እስኪቋጠር ጨበጠው። መቅደላዊት አልሳበችም። ቢስባት ኖሮ ትለቅለት ነበር። ሌላውን ጫፍ ይዛ፣ እጁን ብቻ እያየች ጠበቀች። በመንገዱ ያለፉ ሰዎች አባትና ልጅ ሥጋ የሚካፈሉ መሰላቸውና «እንኳን አደረሳችሁ» አሏቸው።

እትዬ ሙሉጌጥ ከላይ ሆነው እንደገና ፌስታላቸውን አሳረፉ።

ያን ጊዜ ነው አውራ ጣቱ የላላው። ከዚያ ሌሎቹ። ከባድ ነገር እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ፤ እጁንም ኮቱ ላይ ጠረገው።

«ሂጂ» አለ። «ዛሬ ግን አታናግሪኝ።»

ሳፋውን ብቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና በግራ በኩል ወጣ። መቅደላዊት ጥቅሉን ታቅፋ በቀኝ በኩል ታጠፈች።

«እትዬ!» አለች፣ እየሮጠች። «እትዬ፣ ይቆዩኝ።»